የተቆጠረ ዕረፍት

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ግስ ሥራውን አቁሞ ለተቀመጠ ሰውም፣ ከዚህ ዓለም በሞት ለተለየም ይነገራል፤ «አቦ» እየተባሉ የሚጠሩት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የመጋቢት 5 በዓልም መታሰቢያነቱ ለዕረፍታቸው ማለትም ላረፉበት ዕለት ነው። ቃሉ ሁለቱን ትርጉም ባንድ መያዙ፣ በሃይማኖታዊው አስተሳሰብ ዕረፍት ከአንዱ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው መሻገሪያም እንደሆነ ያመለክታል። በጣና ዳር፣ ከባሕር ዳሩ ሹም አቦ እስከ ዘጌ ባለው ምእመን ዘንድ፣ ቤተሰብ በጋብቻ፣ በወሊድ ወይም በሞት ሲለወጥ የሚወሰደው ዕረፍት አስቀድሞ በቀን የተቆጠረ ሲሆን፣ ጠባቂዎቹም ጎረቤትና ዘመድ ናቸው።

ግርግሩ የሚበረታው ከጥምቀት በኋላ ነው። ሠርግ በጾም ስለማይደገስ፣ ጥር 11 ካለፈ በኋላ ያለው የሠርግ ወራት የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ከዓመት ዓመት ይለያያል። የተንቀሳቃሽ በዓላትና አጽዋማት መዋያ የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ የተባለው የቁጥር ስልት የዐቢይ ጾምን መግቢያ ከየካቲት 1 በታች አያወርደውም፣ ከመጋቢት 5 በላይም አያወጣውም፤ በዚህ መሠረት የሠርጉ ጊዜ ባንዱ ዓመት ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሲቀር በሌላው ዓመት ከሰባት ሳምንት ይበልጣል። ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ሽምግልናው፣ ጥሎሹ፣ ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ በላይ በላዩ ይደራረባሉ፤ ጠላ ጠማቂዋና እንጀራ ጋጋሪዋ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ትዞራለች። ከዚያ በኋላ የሚገባው የ55 ቀን ጾም በተለምዶ የሚነሣው ከሥጋና ከወተት በመከልከሉ ቢሆንም፣ ለሁለት ወር ያህል ድግስን በማስቆም ለደጋሹ ቤተሰብ የሚሰጠው እፎይታ ግን እምብዛም አይነገርለትም።

የቁጥሩ ሥርዓት ጎልቶ የሚታየው በወሊድ ነው። ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናቲቱም እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የቁጥሩ መነሻ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈው የመንጻት ሕግ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ቁጥሩን ከፍጥረት ታሪክ ጋር ያያይዘዋል፤ አዳም በተፈጠረ በ40ኛው፣ ሔዋን በተፈጠረች በ80ኛው ቀን ወደ ገነት ገብተዋልና። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ወላዷ «አራስ» ትባላለች፤ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ ገንፎውና አጥሚቱ ይሠራላታል፣ ብቻዋን አትተውም። ሕጉ ሴትን ያገልላል የሚለው ትችት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ይሁንና በኑሮ ሲታይ ይኸው መገለል ከማጀት፣ ከውኃ መቅዳትና ከእንግዳ ማስተናገድ የሚጠብቃት አጥር ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ሐኪሞች የእናቲቱ ሰውነት ወደ ቀድሞው እንዲመለስ የሚጠብቁት ስድስት ሳምንት ከ40ው ቀን ብዙም አይርቅም። በባሕር ዳር ሙስሊሞች ዘንድም 40 ቀን የአራስነት ወሰን ሲሆን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆይበት ዒዳ የተባለው የጥበቃ ጊዜ ደግሞ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው።

ለሐዘንተኛም የተቆጠረ ቀን አለ፤ ሠልስት የሚባለው ሦስተኛው ቀን፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እህል ውኃ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛው ይቀመጣል፤ ተዝካሩ ግን ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ሲከት ስለኖረ ሁልጊዜ ዕረፍት ነበር ማለት ያስቸግራል።

በየሳምንቱ የምትመላለሰው ሰንበት ስሟን ያገኘችው «ተወ፣ አቆመ» የሚል ፍቺ ካለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንድትከበር በማስተማራቸው ተከታዮቻቸው ለረጅም ጊዜ ከቤተ ክህነት ተለይተው ኖረዋል፤ ጠቡ የበረደው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲወሰን ነው። ያን ያህል ክርክር ያለፈበት ዕረፍት ግን በየቤቱ እኩል አልደረሰም፤ ሞፈርና ቀንበር በሰንበት ይሰቀላሉ፣ እንግዳ የሚበዛው ግን በዚሁ ቀን ስለሆነ ቡናው ይፈላል፣ ወጡም ይሠራል።

ከቤት ርቆ ማረፍ ለሚሻ ሱባኤ አለ። ቃሉ «ሰባት» ከሚለው ቁጥር የወጣ ሲሆን፣ ሰው ሰባት ቀን ወይም የሰባት ብዜት በጾምና በጸሎት ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያመለክታል፤ በተለይ ከነሐሴ 1 ጀምሮ በሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ብዙ ምእመናን ወደየገዳማቱ ይሄዳሉ። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባቸው የዘጌዎቹ ውራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አይገባባቸውም። ከአራስ ቤትና ከድግስ ቤት ደክማ የወጣችው ሴት፣ ከሐይቁ ጸጥተኛ ደሴቶች አንዳንዶቹን የምታያቸው ከጀልባ ላይ ሆና ነው።

ዛሬ ይህ ሥርዓት የሚፈተነው ጠባቂው ዘመድ በራቀበት የኪራይ ቤት ነው። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ሲፈቅድ፣ ለአባት የሚፈቅደው ሦስት ቀን ነው፤ በጉሊት የምትተዳደረው እናት ደግሞ ቀጣሪ ስለሌላት ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። አባት በአራተኛው ቀን ወደ ሥራው ሲመለስ አራሷን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋልና አያት ከገጠር ትጠራለች። ገንፎውን ታገነፋለች፣ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥባለች፣ ጠያቂ ታስተናግዳለች፤ ክርስትናው ካለፈ በኋላም፣ መኸር ደርሶ ከሆነ፣ በማግስቱ ወደ አገሯ ትሳፈራለች።