ረቂቃችንን ማን ያንብብልን?

እስቲ ዛሬ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ከመካከላችሁ በደብተር የጻፈውን ልብ ወለድ ከልብስ ሣጥን ሥር ደብቆ ያስቀመጠ ስንት ነው?

እኛ ከዚሁ ወገን ነን። አስተማሪ ነን፤ ቀን ቀን አዳማ ውስጥ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት እንቆማለን። ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ አራት ዓመት ያህል ስንጽፍ ቆይተን ስድስት ወፋፍራም ደብተር ሞላን። ታሪኩ ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ካምፕ ውስጥ ስለተወለደች አንዲት ልጅ ነው። የመጨረሻውን ነጥብ ያኖርን ዕለት አልሐምዱሊላህ ብለን ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ግን ከመጻፉ የባሰ ችግር ጠበቀን። ማን ያንብብልን?

ሰው መች ጠፋ ትሉን ይሆናል። መድረሳ አብሮን የቀራ ወዳጃችን ደብተሮቹን ወስዶ በሦስተኛው ቀን መለሰልን። «ማሻአላህ፣ በጣም ቆንጆ ነው! አሁኑኑ ይታተም» አለን። አንድ ሳምንት ሙሉ እግራችን መሬት አልነካም። በኋላ ጨዋታ ሲነሳ «የልጅቱ ወንድም መሞቱ አላሳዘነህም?» ብንለው «ወንድም ነበራት እንዴ?» አለን። አልፈረድንበትም። ሊያስከፋን አልፈለገም፤ ጊዜም አልነበረውም።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ለሚኖርና የመጽሐፍ ነገር ያውቃል ለተባለ ሰው ሰጠን። ሰባት ወር አቆየው። ደጅ ጠንተን ስንቀበለው አምስት ደብተር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስተኛው የለም። ቅጂ አልነበረንም። ያን ደብተር ከትዝታችን ለቅመን እንደገና ስንጽፍ አንድ ክረምት አለቀ። (ወጣቶች ሆይ፣ ቅጂ ሳታስቀሩ ረቂቃችሁን ከቤት አታውጡ! ዛሬ በስልክ ፎቶ ማንሳት እንኳ ይበቃል።)

የመጀመሪያዋ እውነተኛ አንባቢያችን ያልጠበቅናት ሰው ሆነች። ደብተሮቹን በኮምፒውተር የጻፈችልን እህት ናት። ምዕራፍ አምስት ላይ ስትደርስ «ቲቸር፣ አይቆጡኝና፣ ይቺ ልጅ ምዕራፍ ሁለት ላይ አሥራ አራት ዓመቷ ነው ብለዋል። ከዚያ ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን እንዴት አሥራ አምስት ሆነች?» አለችን። አራት ዓመት የለፋንበትን ሥራ እኛ ሳናየው እሷ በገጽ ሒሳብ እየጻፈች አየችው። ያን ቀን ገባን። ስንፈልግ የከረምነው አድናቂ ወይም ታዋቂ ሰው ነበር። ያስፈለገን ግን መንገድ የጠፋበትን ቦታ ሳይፈራ የሚነግረን ሰው ነበር።

አርታኢው የት ሄደ?

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚቀርቡለትን ረቂቆች በአርታኢ ያስመረምር ነበር። ዛሬ አብዛኛው ጀማሪ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ፣ ሲብስም በብድር ነው። ማተሚያ ቤት ደግሞ ያመጡለትን ያትማል እንጂ ታሪኩ ይያያዛል አይያያዝም ብሎ አይጨነቅም። በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከመቂ ወይም ከአርሲ ነገሌ ለሚጽፍ ወጣት መንገዱ ሩቅ ነው። የአማረ ማሞን «የልብ ወለድ ድርሰት አጻጻፍ»ና የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» አግኝቶ ያነበበ ብዙ ይማራል። ይሁንና መጽሐፍ የእኛን ረቂቅ አያነብልንም።

መድረሳ ያስተማረን

መላው ከቤታችን ነበር። በልጅነታችን ለውህ ላይ የጻፍነውን ይዘን ሸኻችን ፊት ቁጭ ስንል እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙን ነበር። የተሳሳትናት ፊደል ላይ ስንደርስ ዓይናቸው ይገለጣል፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ከፍ ስንል ደግሞ ሙቃበላን አየን። ኪታብ ከተገለበጠ በኋላ አንዱ ከዋናው ያነባል፣ ሌላው ግልባጩን ይከተላል። የተዘለለ ቃል ከተገኘ ኅዳጉ ላይ ተጽፎ «ሰሐ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ የዕለቱ ንባብ የቆመበት ቦታ ላይ ደግሞ «በለገ» ይባላል፤ እስከዚህ ደረሰ ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወህይ ሲወርድ ያስጽፉት የነበረውን ዘይድ ኢብን ሣቢትን የጻፈውን መልሶ እንዲያነብላቸው ያደርጉ እንደነበር፣ የጎደለ ካለም ያስተካክሉት እንደነበር ተዘግቧል። ልብ ወለድን ከወህይ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! አደቡን ማለታችን ነው። የጻፉትን ለሌላ ጆሮ መልሶ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢማሙ ሻፊዒ ደረሳ የነበሩት ሙዘኒም «ሪሳላ»ን ለኢማሙ ደጋግመው ሲያነቡላቸው በየጊዜው የሚታረም ነገር ይገኝ ነበር ይባላል። ኢማሙም በመጨረሻ ከአላህ ኪታብ በቀር እንከን የሌለው መጽሐፍ አይኖርም ብለው ተዉት ይላሉ። እንግዲህ ኢማሙ ሻፊዒ እንዲህ ካሉ የኛ ስድስት ደብተር ምንድነው?

አገራችን ውስጥ የዚህን ነገር ታላቅ ምሳሌ ስንፈልግ ያገኘነው ከዚሁ ከከተማችን ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም የተለየው የናዝሬት ልጅ፣ ገጣሚና የአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ እጁ የገባውን የማርጋሬት ሚሼልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰ። መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመና ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ ነው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ላይ ነው፤ ወደ 3,000 ብጣሽ ፈጅቷል። የተረጎመውን ለእስር ጓደኞቹ ያነብላቸው ነበር። ብጣሾቹም በሚፈቱ እስረኞች እጅ ጥቂት በጥቂት ተደብቀው ወጡ። እሱ ሲፈታ ደግሞ ከየሰዉ ለቅሞ ሰበሰባቸውና «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ሥራው ትርጉም ነው እንጂ ወጥ ድርሰት አይደለም፤ ቢሆንም እኛን የገረመን ጆሮው ነው። እስረኛ ሲሰለቸው ወጥቶ መሄጃ የለውም፤ ፊቱን ግን ያዞራል። ያንን ፊት እያየ የሚያነብ ሰው የቱ ዐረፍተ ነገር እንደሞተበት ወዲያው ያውቃል። አደራውስ? እያንዳንዷን ብጣሽ ይዞ የወጣ ሰው ቢያዝ ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት። የኛ ሰው ግን በሰላም አገር ደብተር ጣለ።

ጓደኞቹን ያገኘልን አዟሪው ነው

ማኅበር እናቋቁም ብለን ማስታወቂያ አልለጠፍንም። ፖስታ ቤት አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞረውን ልጅ «ልብ ወለድ እየገዛ፣ ሲመልስ ደግሞ እዚህ ጋ ተበላሽቷል ብሎ የሚሟገትህ ማነው?» ብለን ጠየቅነው። ሳያስብ ሦስት ሰው ቆጠረልን። አንደኛው መቂ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጥ ወንድም ነው፤ በኦሮምኛ ግጥም፣ በአማርኛ ልብ ወለድ ይጽፋል። ሁለተኛዋ ዝዋይ፣ ባቱ ማለት ነው፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ እህት ስትሆን አጫጭር ታሪኮች አሏት። ሦስተኛው በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ሐጂ ናቸው። ደራሲ አይደለሁም ይላሉ፤ የዕለት ማስታወሻ ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ አላቋረጡም።

የምንሰበሰበው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ፣ እኛ ቤት፣ ባለቤታችንና ልጆቻችን ባሉበት ነው። ዙህር እንደተሰገደ እንጀምራለን፤ የባቱዋ እህት ሞጆ ላይ ሚኒባስ ቀይራ ሳይመሽ ቤቷ መድረስ አለባትና። ሕጋችን አንድ ነው። ደራሲው የራሱን አያነብም፣ ሌላው ያነብለታል። ንባቡ እስኪያልቅም ደራሲው ቃል አይተነፍስም። ይህ የመጨረሻው እንዴት እንደሚከብድ ያልሞከረው አያውቀውም! አንባቢው ያልጻፍነውን ቃል ሲጨምር፣ ረጅሙ ዐረፍተ ነገራችን መሐል ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም፣ አስቂኝ ያልነው ቦታ ላይ ማንም ሳይስቅ ሲቀር፣ ሒሱ ገና አፍ ሳይከፈት አለቀ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጅቱ ፈገግ ስትል «እንደ ወተት የነጡ ጥርሶቿ» የሚለው ተነበበ። ሐጂ ሳቁ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ጠብቀው «ልጄ፣ የኛን ካምፕ ውሃ እየጠጣች አድጋ ነው ይህ ጥርስ?» አሉና የራሳቸውን አሳዩን። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነቱ እየጠጣው ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ወንጂ ደግሞ በዚህ በጥናት ጭምር የታወቀ ቦታ ነው። አዳማ እየኖርን፣ ክፍላችን ውስጥ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ ልጆች እያስተማርን፣ ከሌላ መጽሐፍ የተዋስነውን ጥርስ ለወንጂ ልጅ ገጠምንላት! ዛሬ ልጅቱ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ከዚያች እንቅስቃሴ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ወጣ።

የባቱዋ እህት ደግሞ ዓሣ አጥማጆቻችንን አረመች። እኛ በቀትር መረብ እያስጣልን ቆሮሶ ስናስይዝ ነበር፤ እሷ መረቡ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ እንደሚወጣ ነገረችን። የመቂው ወንድም የአርሲ አያታችንን አነጋገር ሰምቶ «እኚህ እናት የሬዲዮ ዜና አንባቢ ናቸው እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። ቁጣቸውን በኦሮምኛ ጀምረው ምክራቸውን በአማርኛ የሚጨርሱ እናት በየቤታችን እያሉ ሰዋስው አስተምረናቸው ነበር።

አንድ ስሕተታችንን ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እንንገራችሁ። ገና ከመጀመሪያው «ሀ» የትኛው፣ «ሠ» የትኛው እያልን አንድ ምዕራፍ ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀን። ምዕራፉ በኋላ እንዳለ ወደቀ። ሒስና አርትኦት ለየቅል ናቸው። ታሪኩ ቆሞ መሄዱ ሳይረጋገጥ ፊደል መልቀም የሚፈርስ ቤት ቀለም መቀባት ነው። ናጂብ ማሕፉዝ እንኳ ታላቁን የካይሮ ታሪኩን እንደ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ለአሳታሚው ቢያቀርብለት ውፍረቱ አስደነገጠው። በሦስት ተከፍሎ በ1956 እና በ1957 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ሐሜት ወይስ ድርሰት?

ከሁሉ የከበደን ቀን ግን ሌላ ነው። ረቂቁ ውስጥ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ ቤቱን ያጣ፣ በኋላም ሚስቱን በንዴት የፈታ ነጋዴ ነበር። ስሙን ቀይረናል፣ ሰፈሩን ቀይረናል፣ ሱቁን ከጨርቅ ወደ ሸቀጥ አዙረናል። ስለሆነም ተረጋግተናል። ንባቡ ሲያልቅ ሐጂ ዝም አሉ። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ በር ላይ ቆመው «ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ልጆቹም ያንተን መጽሐፍ ሊገዙ ይችላሉ» አሉን። «ስሙ'ኮ የለም» ብንላቸው «አንካሳነቱና ሳሉ አለ» ብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ምዕራፉ ከጻፍነው ሁሉ የበለጠው ነበር፤ የበለጠውም እውነት ስለሆነ ነው። ሰውዬው ደግሞ ጎረቤታችን ነበር፤ ኀዘኑን የነገረን እኛን አምኖ ነው። ወንድምህ በሌለበት የሚጠላውን ማንሳት ሐሜት ነው፣ የተባለው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ። ይህን ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ እናስተምራለን። አንድ ጓደኛችን ግን በስልክ «ከእውነተኛ ሰው ያልተቀዳ ድርሰት የት አለ?» ብሎ ተከራከረን፤ ነገሩ ውሸት የለበትም። እኛ የመረጥነው ይህን ነው። አንካሳነቱን፣ ሳሉን፣ ፍቺውን አወጣን፤ ዋስትናውን ብቻ አስቀረን፣ እሱም ለስንቱ የደረሰ ነገር ነውና። ነጋዴውን ሴት አደረግነው፤ ሱቋ ሞጆ መናኸሪያ አጠገብ ሆነ። ስድስት ጊዜ ጻፍነው። በስድስተኛው ሴትዮዋ ጎረቤታችን ያላደረገውን አንድ ነገር አደረገች፤ ወንድሟን ቤቷ አስገብታ አበላችው። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ራሷን ቻለች። ምዕራፉ ከቀድሞው ያንሳል ወይስ ይበልጣል? እስካሁን አራታችን አልተስማማንም።

በደልም ሠርተናል። የባቱዋን እህት ታሪክ ባነበብን ቀን፣ የተማሪ ወረቀት የምናርም መስሎን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እንከን ዘረዘርን። ምንም አላለችም፤ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁለት ወር አልመጣችም። ባለቤታችን «የሷን ታሪክ ስታነቡ አንድም ጊዜ ጥሩ ነው ስትሉ አልሰማሁም፤ እኔ ግን ጓዳ ሆኜ አልቅሻለሁ» ስትለን አፈርን። ቤተሰብ ሆነን ባቱ ድረስ ሄደን ዐፍው ጠየቅናት። አሁን ከንባቡ በፊት «ምን እንድናይልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከንባቡ በኋላ ደግሞ እያንዳንዳችን መጀመሪያ የማንረሳውን አንድ ቦታ እንናገራለን። ሙገሳ ለማለት አይደለም። ደራሲው ሲያርም ያንን እንዳይነካው ነው።

ስድስቱ ደብተር ዛሬ ወደ አራት ወርዷል፤ ኅዳጉ በአራት ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ሐጂ የቆምንበትን ገጽ ሁልጊዜ በአረብኛ «በለገ» ብለው ይጽፉበታል፤ ያለፈው ቅዳሜ ምዕራፍ 14 ላይ ነው የጻፉት። የሚመጣው ቅዳሜ ተረኛ የመቂው ወንድም ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ልኮልናል፤ የሚያነብለትም እኛ ነን። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ የሽንኩርት ደላላ አለ፤ ሳናውቀው አልቀረንም።