የብራድፎርድ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ከተቀመጡባት ከባዝ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ የኤቮን ወንዝ በሸለቆ በሚያልፍበት ስፍራ፥ ብራድፎርድ የምትባል ጥንታዊት የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ትገኛለች። ከበግ ጠጉር በሚሠራው ጨርቅ በበለጸገችበት ዘመን የታነጹት የቢጫ ድንጋይ ቤቶች ከወንዙ ዳር እስከ ዳገቱ አናት አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል፤ የጨርቁ ሥራ ሲዳከምም እ.ኤ.አ. በ1848 ስቲቨን ሞልተን የጎማ ፋብሪካ ስላቋቋመባት ሥራ ፈት ሆና አልቀረችም።

ነገር ግን ከተማይቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያስከብራት የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህች ታናሽ ሕንፃ የጸሎት ቤት መሆንዋ ተረስቶ፥ ምእመናን ይቆሙበት የነበረው ክፍል የሕፃናት ትምህርት ቤት፥ መቅደሱም የመኖሪያ ጎጆ ሆኖ፥ ዙሪያዋን ሌሎች ቤቶች ተጠግተውባት፥ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያያት የማያውቃት ሆና ኖረች። በ1850ዎቹ የከተማይቱ ካህን የነበሩት ካኖን ዊልያም ጆንስ ግን፥ የታሪክ ፍቅር ዓይናቸውን ስሎት ነበርና፥ ከዳገቱ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቅርጽ በቤቶቹ መካከል ለዩ፤ በጥገና ጊዜ ከግድግዳው የተገለጡት ሁለት የድንጋይ መላእክትም ግምታቸውን አጸኑላቸው። ያስተማሩባትንና የኖሩባትንም ሰዎች ማመስገን ይገባል እላለሁ፤ ባይገለገሉባት ኖሮ ድንጋይዋ ለሌላ ግንብ በተወሰደ ነበር።

ዛሬ ወደ ውስጥ ለገባ ሰው፥ ወርዱ 4 ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ክፍል ቁመቱ ከርዝመቱ ጋር ተካክሎ ሽቅብ ሲነሣ፥ ወደ መቅደሱ የሚያስገባውም በቅስት የተሠራ በር 1 ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሲጠብ ይታየዋል። ከበሩ በላይ እነዚያ መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው፥ በእጆቻቸው ጨርቅ ይዘው፥ ፊት ለፊት እየተያዩ ይበርራሉ፤ በመካከላቸው የጌታ ስቅለት ተቀርጾ እንደነበር ሊቃውንት ይገምታሉ።

ስለ ዘመንዋ ክርክር አለ። የማልምስበሪው መነኩሴ ዊልያም በ1120ዎቹ በጻፈው ታሪክ፥ በ709 ያረፈው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ አልድሄልም በብራድፎርድ ታናሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳነጸ ይተርካልና፥ ይህችው ናት ያሉ ነበሩ። የግንቡን አሠራር የመረመሩት ግን አብዛኞቹ ወደ 1000 ዓመት ገደማ ያቀርቧታል፤ ንጉሥ ኤተልሬድ በ1001 ብራድፎርድን ለሻፍትስበሪ መነኮሳይያት ሲሰጥ፥ የዴንማርክ ወራሪዎች ቢመጡ የአባቱን ልጅ የሰማዕቱን የኤድዋርድን ዐፅም ይዘው እንዲጠጉባት አስቦ ነበርና። እኔም ይህን ኋለኛውን እቀበላለሁ፤ ሕንፃዋ ለሕዝብ ጉባኤ የጠበበች፥ ለዐፅመ ቅዱሳን ማረፊያ ግን የተገባች ናት።