ያውቁ ኖሯል? የፓርቲ ጉባኤ ገንዘብ ለታመሙ ልጆች

(ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ሴፕቴምበር የሕፃናት ካንሰር ግንዛቤ ወር ነው። ፕሬዚዳንቶቹ አዋጅ ያወጡለታል፤ ምልክቱም ወርቃማ ሪባን ነው። አዋጁ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፤ በጀት የሚያጸድቀው ኮንግረስ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዴሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ዕጩ ፕሬዚዳንታቸውን የሚሰይሙበት ጉባኤ ከ1976 እስከ 2012 በሕዝብ ገንዘብ ይደጎም ነበር። በ2012 እያንዳንዱ ፓርቲ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወስዷል። ፊኛውም ሆታውም ከዚያው ነው! ባራክ ኦባማ ኤፕሪል 3 ቀን 2014 የፈረሙት ሕግ ድጎማውን አስቀርቶ፣ በ10 ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር ለሕፃናት ሕመም ምርምር እንዲውል ፈቀደ። ሕጉ የተሰየመው በቨርጂኒያዋ ጋብሪኤላ ሚለር ስም ነው። ጋብሪኤላ ፖለቲከኞች ከንግግር ወደ ሥራ እንዲገቡ ስትወተውት ቆይታ፣ በ2013 በአንጎል ዕጢ ስታርፍ ገና 10 ዓመቷ ነበር።

የድጎማው ምንጭስ? የአሜሪካ የግብር ቅጽ ላይ ለምርጫ ፈንድ 3 ዶላር ይሂድ ወይ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ታክስ ስትሞሉ ታገኟታላችሁ። ምልክት ማድረግ ግብር አይጨምርም።

ያውቁ ኖሯል? በ2017 የወጣ ሌላ ሕግ የመድኃኒት ኩባንያዎችን ያዛል፦ ለአዋቂዎች የሚሠሩት አዲስ የካንሰር መድኃኒት የሚያነጣጥርበት ዒላማ በልጆች ካንሰርም ላይ ካለ፣ ልዩ ፈቃድ ካላገኙ በቀር በልጆችም ላይ ማጥናት አለባቸው። ግዴታው የጀመረው በ2020 ነው። እንደኔ ከሆነ ይህ ሕግ ከአዋጆቹ ሁሉ ይበልጣል።

ያውቁ ኖሯል? በዓለም በየዓመቱ 400 ሺህ ያህል ልጆችና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የያዘው ግብ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ ማዳን ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአዲስ አበባ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከሙ ልጆችና ቤተሰቦቻቸው ማረፊያ ይሰጣል። ሕክምናው ወራት ስለሚፈጅ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ቤተሰብ አልጋው ራሱ መድኃኒት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሬቲኖብላስቶማ የተባለውን የዓይን ካንሰር አንዳንዴ ቀድሞ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ነው። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ የልጅዎ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለዓይን ሐኪም ያሳዩ።