እንግዳ ሲመጣ ልጆቻችን ምን ያደርጋሉ?

አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። እናንተ ከጓሮ እንሰት ውስጥ ናችሁ። ቤት ያሉት ልጆች ብቻ ናቸው። ውሻው ይጮኻል። አንድ ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ወጥተው ይቀበላሉ? ወይስ በር ኋላ ይደበቃሉ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው።

ወላይታ እንግዳ የማያጣ አገር ነው። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መንገዶች ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ዘመድ ጠያቂው በዚያ ያልፋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ወላይትኛ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ያኔ ፊደል ሊያስቆጥሩ የመጡት ዘማቾች የገበሬው እንግዶች ነበሩ። እንግዳ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ እውቀትም ይዞ ይመጣል።

በመስከረም ደግሞ ጊፋታ አለ። ርቆ የሄደው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እናቶች ለዚያ ቀን ቅቤ በማህበር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። አባቶች ለበሬ መግዣ ገንዘብ ይቆጥባሉ። ልጆችም ይህን እያዩ እንግዳ መቀበል ዝግጅት እንደሚጠይቅ ይማራሉ። ይሁን እንጂ እንግዳ በጊፋታ ብቻ አይመጣም። እህል ባለቀበት ወርም ይመጣል። የልጆች ዋናው ትምህርት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ፊት፣ ቀጥሎ ውሃ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ፊት ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። ድሃው ቤትም፣ ሀብታሙ ቤትም አለ። ስለዚህ ልጆቻችንን ከዚህ እንጀምራቸው።

አንደኛ፣ እንግዳ ሲገባ ልጁ ብድግ ይበል። በወላይትኛ «ሳሮ» ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ሰላምታ ይስጥ።

ሁለተኛ፣ መቀመጫ ያቅርብ። ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር የተሻለውን ይስጥ።

ሦስተኛ፣ እጅ ያስታጥብ። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ነገር አለበት። እኛ የምንበላው በእጃችን ነው። ቆሻሻ እጅ ተቅማጥ ያመጣል። ተቅማጥ ደግሞ ሕፃን ይገድላል። ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ የራሱን እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ ለእንግዳው ሳሙና ይስጥና ውሃ ያፍስስ። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይሠራል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅምት 5 ቀን በዓለም ዙሪያ የእጅ መታጠብ ቀን ሆኖ ይከበራል። በእኛ ቤት ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከበር።

አራተኛ፣ ልጁ የእንግዳውን ዕቃ አይነካካ። ታላቅ ሲናገር አያቋርጥ። ሲጠየቅ ግን ቀና ብሎ ይመልስ። ዝም ማለት ሁልጊዜ ጨዋነት አይደለም።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። እውነት ነው። ግን ማቡካት ካልጀመረ መቼ ይለምዳል? ውሃውን ቢያፈስስ፣ ሲኒውን ቢጥል፣ እንግዳው ፊት አትጩኹበት፣ አትምቱት። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚመታ ልጅ እንግዳ ሲያይ ይሸሻል።

የልጅን ድርሻ አትንኩ

ገበሬ እህታችን ሆይ፣ ይህን ልብ በይ። በቤት ያለው ሁሉ ለእንግዳ ቀርቦ ለልጅ ፍርፋሪ ቢቀር፣ ልጁ ምን ይማራል? እንግዳ ማለት ራት የሚወስድ ሰው ነው ብሎ ይማራል። ሲያድግ በሩን ይዘጋል። ከዚህም ሌላ የትንሽ ልጅ ሆድ ትንሽ ነው። ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ስለዚህ አስቀድመሽ የልጆቹን ድርሻ ለይተሽ አስቀምጪ። የቀረውን በደስታ አቅርቢ።

ለእንግዳ ብላችሁም ከነጋዴ በወለድ አትበደሩ። የተቀቀለ ቦይና ወይም ስኳር ድንች ከዳጣ ጋር ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። ሃይታ ቱኬም አለ። ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከበርበሬ የሚፈላው ይህ መጠጥ አብዛኛው ከጓሮ ይገኛል። «ያለን ይህ ነው፤ በደስታ ብላልን» ማለትን ልጆች ከእኛ አፍ ይስሙ።

ወንዱም ልጅ ይታዘዝ

በብዙ ቤት እንግዳ ሲመጣ የምትሯሯጠው ሴት ልጅ ናት። ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ቡና ታፈላለች። ወንድሟ ተቀምጦ ይጠብቃል። በማግሥቱ እሷ ደክማ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ይህ ልክ አይደለም። ሲኒ ማጠብ የወንድን ክብር አይቀንስም። ሥራውን አካፍሏቸው። የትምህርት ሰዓት ሲደርስ ሁለቱንም ልቀቋቸው። ጥሩ እንግዳ በዚህ አይቀየምም።

እንግዳ ማክበር ልጅ መስጠት አይደለም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። አንዳንድ ሰው እንግዳ ሆኖ ይገባል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልጁን ያመሰግናል። ከዚያ «ይህ ጨዋ ልጅ እዚህ ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ ወስጄ ላስተምረው» ይላል። ሰውየው ዘመድ ወይም የመንደር ሰው ሊሆንም ይችላል። ከወላይታ በዚህ መንገድ የወጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ትምህርት ተብሎ የሄደው ሊስትሮ ሆኖ፣ ወይም በሽመና ቤት ተቀምጦ ይገኛል። ሴቷ በሰው ቤት ያለ ደመወዝ ትሠራለች። ልጅን ለጉልበት ብዝበዛ መልምሎ መውሰድ በሰው መነገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ይህን በከባድ እሥራት ይቀጣል።

እንግዳን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እናውቃለን። ቢሆንም «ምግባችንን እንካ፣ ልጃችን ግን ከእኛ ጋር ይማራል» ማለት ነውር የለበትም። ሰውየው ካስቸገረ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ።

ልጆቹንም እንዲህ እናስተምር። ወላጅ በሌለበት የማያውቁት ሰው ቢመጣ ደጅ ሆነው ሰላም ይበሉ። በርጩማ አውጥተው ከጥላ ሥር ያስቀምጡት። ውሃ ይስጡት። ከዚያ ጎረቤት ይጥሩ። ብቻቸውን አስገብተው አይቀመጡ፤ ተከትለውትም አይሂዱ። እንግዳው ተከብሯል፤ ልጁም ተጠብቋል።

ይህን ጽሑፍ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያም ተወያዩ፦

1. በቤታችን እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚያስታጥበው ማን ነው?
2. የልጆች ድርሻ አስቀድሞ ይለያል ወይ?
3. ወላጅ በሌለበት እንግዳ ቢመጣ የሚጠራው ጎረቤት ማን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ትንሹ ልጅ ይመልስ። የጎረቤቱን ስም ካላወቀ፣ ነገ ጧት እጁን ይዛችሁ ወስዳችሁ አስተዋውቁት።