በአሮጌ መኪና ላይ ታይቶ የሚሰወር የኤሌትሪክ ብልሽት

የጓሮ አትክልት ለሚያመርት ገበሬ ምርቱን ከማሳው ወደ ገበያ የሚያደርስለት መኪና እንደ በሬው ሁሉ የእርሻው መሣሪያ ነው። አዲስ መኪና ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው የተገለገለበትን የጭነት መኪና መግዛት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከሚያመጣው ችግር ሁሉ ይልቅ ባለቤቱን የሚያደክመው ታይቶ የሚሰወር የኤሌትሪክ ብልሽት ነው። የፈነዳ ጎማ ጉዳቱን በግልጽ ያሳያል፤ የኤሌትሪክ ብልሽት ግን ጧት መኪናውን አላንቀሳቅስም ብሎ ያቆመዋል፤ ከመካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከከረን አካባቢ ቲማቲም ጭኖ በሌሊት ወደ አስመራ ለመሄድ የተነሣ ባለመኪና ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም ባያገኝ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ሞተሩ ያለ ችግር ቢነሣ፣ ገበያው ያልፍበታል፤ ቲማቲሙም ይበላሽበታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በግምት ዕቃ ይለውጣል። በመጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሞተሪኖ፣ በመጨረሻም ዲናሞ ይገዛል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ይቀራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ዕቃዎቹን በሚያገናኙት ሽቦዎችና መጋጠሚያዎች ላይ ነውና።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ኤሌትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ወጥቶ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በመኪናው ብረት አካል በኩል ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ይመለሳል። ይህ መንገድ በዝገት ወይም በላላ ብሎን ምክንያት ሲጠብ፣ ለትንሽ መብራት የሚበቃ ኤሌትሪክ ያልፋል፤ ሞተሪኖው የሚፈልገው ከመቶ አምፔር የሚበልጠው ኃይል ግን አያልፍም። ብረትም በሙቀት ሲሰፋ፣ በብርድ ሲኰማተር፣ በመንገድም ሲንገጫገጭ መጋጠሚያው አንድ ጊዜ ይነካካል፤ ሌላ ጊዜ ይለያያል። ወደ ምጽዋ የሚመላለስ መኪና ደግሞ የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ብረቱንና መዳቡን ቶሎ ስለሚያዝገው ለዚህ ብልሽት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ብልሽቱ የታየበትን ሁኔታ በደብተር መመዝገብ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበርን? ዘንቦ ነበርን? ቁልፉ ሲዞር የፊት መብራቱ ደከመን ወይስ እንደ በራ ቀረ? መብራቱ እጅግ ከደከመ ጥርጣሬው በባትሪውና በወፍራሞቹ ሽቦዎች ላይ ነው። መብራቱ ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን የቁልፉን ቤት፣ ሪሌውንና ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ መመርመር ይገባል። ሞተሩ በኰረኰንች መንገድ ላይ በድንገት የሚጠፋና መልሶ የሚነሣ ሲሆን፣ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ናፍጣ የሚከፍተውና የሚዘጋው የኤሌትሪክ ቫልቭ ሽቦ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ሥራ ባትሪውን በቴስተር መለካት ነው። ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ያህል፣ በግማሽ ሲሆን 12.2 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ልኩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ሊሆን ይገባል። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ባትሪውን በሚገባ አይሞላም ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ብልሽቱ ባለበት ሰዓት የሚደረግ ፈተና ነው። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይደረጋል፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ በመካከሉ ያለው ሽቦ ወይም መጋጠሚያ ኤሌትሪኩን ይከለክላል፤ ተፈትቶ በብረት ብሩሽ ከጸዳ በኋላ ተጠብቆ መታሰር አለበት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ያለውም ወፍራም ሽቦ እንዲሁ ይፈተናል።

አራተኛው፣ መብራቱ እየበራ ወይም ሞተሩ እየሠራ ሽቦዎቹን በየተራ በእጅ ማነቃነቅ ነው። ከሚሽከረከረው ቺንጋና ከጋለው የጭስ ቧንቧ ግን እጅን ማራቅ ያስፈልጋል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበት ስፍራ፣ እንዲሁም የቀድሞው ባለቤት ራዲዮ ወይም ተጨማሪ መብራት ለማስገባት ጠምዝዞ በፕላስተር የሸፈነው ሽቦ በተለይ መታየት አለበት።

ባትሪው ሌሊት ሳይሠራበት የሚያልቅ እንደሆነ፣ ሁሉ ነገር ከጠፋ በኋላ ቴስተሩ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍና ከዚያ በተፈታው ሽቦ መካከል ይገባል። ልኩ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ከ0.05 አምፔር እጅግ ከበለጠ፣ ፊውዞቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ልኩን የሚያወርደው ይፈለጋል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ ሞተር ለማስነሣት መሞከር ቴስተሩን ያቃጥላል።

ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ሽቦ አስቀድሞ ይፈታል፤ ሲታሰርም መጨረሻ ይታሰራል። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ እሳትና ሲጋራ በአጠገቡ አይቅረብ። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ከልኩ የበለጠ ፊውዝ ወይም ተራ ሽቦ ማስገባት ከነጭነቱ መኪናውን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

መኪና የሚገዛም ሰው ገና ያልሞቀውን ሞተር ራሱ አስነሥቶ፣ ኮፈኑንም ከፍቶ የባትሪውን ጫፎችና ሽቦዎቹን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው በማግሥቱ ጧት ተመልሶ ይምጣ። ደብተርና አንድ ቴስተር የያዘ ገበሬ ከመካኒኩ ዘንድ ሲቀርብ ብልሽቱ መቼና የት እንደታየ በቍጥር ሊያስረዳ ይችላል፤ መካኒኩም ያልተበላሸውን ዕቃ እንዲለውጥ ምክንያት አያገኝም።