አሮጌ ቮልስ በቤታቸው ለሚያድሱ

በተለምዶ ቮልስ የምንለውን አሮጌ ቮልስዋገን በግቢያቸው ለሚያድሱ አባወራዎች አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። የዚህ መኪና ባትሪ የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ማለት ልጆች ከሚቀመጡበት በታች ነው። መሸፈኛው ከጠፋ የመቀመጫው የብረት ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መሸፈኛው መኖሩን መመልከት ይገባል።

መብራቱ ቢፈዝ ወይም ሞተሩ አልነሣ ቢል አዲስ ዕቃ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዝገት ነውና የኔጌቲቩን ሽቦ ፈትቶ፣ ከመኪናው አካል ጋራ የሚያያዝበትን ስፍራ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት አብዛኞቹ 6 ቮልት፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት በብዛት 12 ቮልት ስለ ሆኑ፣ አምፖልና ባትሪ ሲለወጥ ይህን መለየት ያሻል።

ፊውዝ ደጋግሞ ቢቃጠል በስፍራው ሽቦ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መተካት ታላቅ አደጋ ነው፤ ፊውዙ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነውና። ልባሱ የተላጠውን ሽቦ ፈልጎ ማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቤተ ሰብን በሰላም አሳፍሮ በሰላም መመለስ ከዚህ ድካም እጅግ ይበልጣል።