ሮዝ ቀለም የሚነግረንና የማይነግረን

በነርስነት ዘመኔ ስለ ተቅማጥ ሳስተምር እናቶች «ውሃው መታከሙን በምን እናውቃለን?» ይሉኝ ነበር። ሽታ አያስተማምንም፤ የሚሻለው እዚያው ቧንቧው ወይም ጀሪካኑ አጠገብ መለካት ነው።

በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ ዲፒዲ የሚባል ኪኒን መጨመር ነው (የሚዋጥ አይደለም!)። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ሲበዛ ይደምቃል። ቀለሙን ከመሣሪያው የቀለም ረድፍ ጋር አስተያይቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቧንቧ ለሚቀዳ የታከመ ውሃ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ይላል። ከአንኮበር የተቀዳ ናሙና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተናወጠ፣ ፀሐይም እየመታው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ግን ክሎሪኑ ቀንሶ ይገኛል፤ የታከመው ውሃ ያልታከመ ይመስላል።

ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ማጥለል፣ ከዚያ ውሃ አጋሩን በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የልጅ ልጅ ጠማኝ ብሎ ቢያለቅስም!

ሮዙ ቀለም የሚመሰክረው ግን ስለ ክሎሪን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ በሬሳ ወንዝም አጠገቧ ይፈሳል። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም ውሃ ውስጥ ከገባ ክሎሪንም ማፍላትም አያስወግደውም፤ መለኪያውም ሌላ ነው። ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ካለ ወንዝ ለልጆች የሚጠጣ አትቅዱ። የሰፈራችሁ ቧንቧ ሲለካም ቁጥሩን ጠይቁ።